በጓሯችን ውስጥ በሌሊት ስለሚሠሩ ሌቦች

ለጌዴኦ ዞን ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ ጥቂት ቃል ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለ ሌሊት ነው። ቀን ስለሚሠራው ሥራ፣ ይኸውም ስለ ኩትኳቶና ስለ ፍግ፣ ስለ ቡና ለቀማና ስለ እንሰት ተከላ፣ እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። ነገር ግን ፀሐይ ከጠለቀችበት ሰዓት አንሥቶ ዶሮ እስኪጮኽ ድረስ ወደ ጓሯችን ማን እንደሚገባ፣ ምን እንደሚበላና በየት በኩል እንደሚወጣ አብዛኞቻችን አናውቅም። ጠዋት ተነሥተን ጉዳቱን እናያለን፤ ጉዳት አድራሹን ግን አናየውም። ስላላየነውም በግምት እንፈርዳለን። በግምት የተፈረደ ፍርድ ደግሞ ንጹሑን ይቀጣል፤ ሌባውን ያስመልጣል።

በሌላ አገር ጓሮ ማለት ለወጥ የሚሆን ጥቂት ጎመንና ቃሪያ የሚተከልበት ትንሽ ቦታ ነው፤ እርሻው ከቤት ርቆ ይገኛል። በጌዴኦ ግን ጓሮው ራሱ እርሻ ነው። ከዲላ ተነሥቶ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋ ጨፌ የሚሄድ ሰው፣ ወይም ወደ ቡሌ ደጋ የሚወጣ ሰው፣ ቤቱን ከእንሰቱ፣ እንሰቱን ከቡናው፣ ቡናውን ከዋንዛውና ከብርብራው ለይቶ ሊያይ አይችልም። ከላይ ዛፉ፣ በመካከል እንሰቱ፣ ከሥር ቡናው፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ ጎደሬው፣ ቦዬው፣ ዱባውና ጎመኑ ተደራርበው ይኖራሉ። በመስከረም 2016 ዓ.ም የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የተጻፈው አባቶቻችሁ በዚህ ዐይነት አስማምተው ስላቆዩት ነው። ስለዚህ በጌዴኦ ጓሮ ውስጥ የገባ ሌባ ወደ ጎተራ እንደ ገባ ይቈጠራል። አንድ እንሰት ደርሶ ቆጮ ለመሆን አራትና አምስት ዓመት፣ በደጋው ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈጃል። ይህን ያህል ዓመት የተጠበቀውን በአንዲት ሌሊት የሚጥል እንስሳ አለ። ነገሩ ቀላል አይደለም የምለው ስለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አግኝቼ አይደለም፤ በራሴ ስሕተት የተማርሁት ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ አንዲት እናት ጎመን ተክለው ችግኙን በየጠዋቱ በማጭድ እንደ ታጨደ ወድቆ ያገኙት ነበር። ጠርተው አሳዩኝ። ቅጠሉን አገላብጬ አየሁ፤ ምንም ትል የለም። «አላውቅም» ማለት ሲገባኝ አፈርሁና «መድኃኒት ይረጭበት» ብዬ አዘዝሁ። እርሳቸውም ዶሮ ሸጠው መድኃኒቱን ገዙ፤ በጠራራ ፀሐይ ቅጠሉ ላይ ተረጨ። በማግስቱ ሰባት ችግኝ ወድቆ ተገኘ፤ በሦስተኛው ቀን ዐሥር። ያን ጊዜ ሴትዮዋ፣ «ልጄ፣ መድኃኒትህ ቀን ይሠራል፤ የእኔ ሌባ ግን የማታ ነው። ራትህን በልተህ ና፤ አብረን እንየው» አሉኝ። ማታ ፋኖስ ይዘን ወጣን። ከጎመኑ ሥር ግራጫ፣ ወፍራምና ለስላሳ ትል ከአፈር ወጥቶ የችግኙን አንገት አቅፎ ሲቈርጥ አገኘነው። በእንጨት ስነካው እንደ ቀለበት ተጠቀለለ። ሴትዮዋ ምንም አልተናገሩኝም፤ ትሉን አንሥተው በቆርቆሮ ውስጥ ከተቱትና ወደሚቀጥለው ችግኝ ሄዱ። ዶሮዋም ጎመኑም አልተመለሱም፤ እኔ ግን ከዚያች ማታ ጀምሮ ሳላይ መድኃኒት ማዘዝን ተውሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በሌሊት ወጥቶ ማየት ነው። ለዚህ ሁለት ሰዓት ይመረጣል፤ አንደኛው ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ሁለተኛው ሊነጋጋ ሲል ከሌሊቱ 10 ሰዓት በኋላ ነው። ብቻችሁን አትውጡ። ሁለት ሆናችሁ፣ እግርን የሚሸፍን ጫማ አድርጋችሁ፣ ዱላና ባትሪ ይዛችሁ ውጡ፤ ባትሪ የሌለው በሞባይሉ መብራት ሊሠራ ይችላል። ጅብ በምን ሰዓትና በየት በኩል እንደሚያልፍ የሰፈሩ ሰው ያውቃል፤ ጠይቁ። እጃችሁን ወደማታዩበት ጉድጓድ ወይም ወደ ገለባ ክምር አታግቡ፤ እባብም የሌሊት ሰው ነው። በቀስታ ሂዱ፤ አንድ ቦታ ቆማችሁ አዳምጡ። ጃርት ስትሄድ እሾኋ ይንኰሻኰሻል፤ ስታኝክም ከሩቅ ይሰማል።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ያንኑ ቦታ በብርሃን ተመልከቱ። ሌሊት ያያችሁትና ጠዋት የምታገኙት ምልክት አንድ ላይ ሲቀመጥ ለሌላ ጊዜ ምልክቱ ብቻ ይበቃችኋል።

አሁን ሌቦቹን ከትንሹ ጀምሬ አንድ በአንድ ላስተዋውቃችሁ።

ያ ጎመን የቈረጠው ትል ቆራጭ ትል ይባላል። ቀን ከአፈር በታች ሁለትና ሦስት ጣት ያህል ገብቶ ይተኛል፤ ሲመሽ ወጥቶ ለጋውን ችግኝ ከመሬት አጠገብ ይቈርጣል። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ለጋ በቆሎ፣ ሁሉንም ይነካል። ክፋቱ የሚበላው ጥቂት ሆኖ ሳለ የሚጥለው ብዙ መሆኑ ነው፤ አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይሄዳል። እናቱ በሌሊት የምትበር የእሳት እራት ናት፤ እንቍላሏንም በአረምና በአፈር ላይ ትጥላለች። ስለዚህ ጎመን የሚተከልበትን ቦታ ከተከላው ሁለት ሦስት ሳምንት አስቀድማችሁ አረሙን ነቅላችሁ ቈፍሩት፤ ዶሮዎችም ይግቡበት። ትሉ የሚበላው አጥቶ ይሞታል፤ የቀረውን ዶሮ ትለቅመዋለች። ከተተከለ በኋላ ደግሞ ጠዋት የወደቀ ችግኝ ስታገኙ አዝናችሁ አትለፉ። በዙሪያው ስንዝር ያህል አፈሩን በእንጨት ጫሩ፤ ሌባው ርቆ አልሄደም፣ እዚያው ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ያን ትል ያልገደለ ሰው በማግስቱ ጎረቤቱን ችግኝ ያጣል።

ገንዘብ የማይጠይቅ መከላከያም አለ። የደረቀ የእንሰት ሽፋን በየቤታችሁ ሞልቷል። ከእርሱ ስድስት ጣት ወርድ ያለው ቍራጭ ወስዳችሁ በችግኙ አንገት ዙሪያ እንደ ቀለበት ጠቅልሉ፤ ሁለቱን ጣት አፈር ውስጥ ቅበሩት፣ አራቱ ከላይ ይቅር። ትሉ ይህን አልፎ አንገቱን ማቀፍ አይሆንለትም። ግንዱ ሲጠነክር ሽፋኑ እዚያው በስብሶ ማዳበሪያ ይሆናል። መቶ ችግኝ ለመጠቅለል ለልጆች የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሁለተኛው ቀንድ አውጣ ነው፤ ዛጎል ያለውም ዛጎል የሌለውም። በበልግና በመኸር ዝናብ ጊዜ ይበዛል። ምልክቱን ማንም አይስተውም፤ ቅጠሉ በተቀደደ ቀዳዳ ይሞላል፣ በላዩም ሲደርቅ እንደ ብር የሚያበራ ዝልግልግ መንገድ ይተዋል። ማታ እርጥብ ጆንያ፣ አሮጌ ሳንቃ ወይም የእንሰት ቅጠል ቍራጭ በችግኞቹ መካከል መሬት ላይ አንጥፉ። ሌሊት ሲበላ ያደረው ሁሉ ሲነጋ ከፀሐይ ሊሸሽ ከሥሩ ይሰበሰባል፤ ጠዋት ገልብጣችሁ በእንጨት እየለቀማችሁ ሳሙና ባለበት ውኃ ውስጥ ጨምሩት። አመድ መነስነስ ጥሩ ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን አመዱ ደረቅ እስከ ሆነ ድረስ ብቻ ነው፤ አንድ ዝናብ ከመታው ዋጋ የለውም። ጨው የሚነሰንሱ ሰዎች አይቻለሁ። ይህን ተዉ፤ ጨው ቀንድ አውጣውን ይገድላል፣ አፈራችሁንም ያበላሻል።

በጓሮው ጫፍ በቆሎ የተከላችሁ ደግሞ የአሜሪካ መጤ ተምችን ታውቁታላችሁ። ይህ ተባይ ከአሜሪካ ተነሥቶ በምዕራብ አፍሪካ በኩል ተዛምቶ በ2009 ዓ.ም ወደ አገራችን ገባ። እንደ ቀድሞው ተምች በመንጋ ሆኖ እየተጓዘ አይታይም፤ ተደብቆ ይኖራል። የእሳት እራቷ ሌሊት መጥታ እንቍላሏን በመቶ የሚቈጠር አድርጋ በአንድ ላይ ትጥላለች፤ በጸጉር መሳይ ነገርም ትሸፍነዋለች። ትሉ ቀን በበቆሎው እምብርት ውስጥ ይሸሸጋል፤ ሲመሽና ሲነጋ ወጥቶ ይበላል። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የመሰለ ነጭ መስመር፣ ከበስተኋላው ጫፍ አጠገብ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቋቍር ነጥቦች ካያችሁ እርሱ ነው። በቆሎው ገና ለጋ ሳለ በሳምንት ሁለት ጊዜ በመስመሩ መካከል እየሄዳችሁ ቅጠሉን ገልብጡ፤ እንቍላሉን በጣት ጨፍልቁት፤ ትሉን ከእምብርቱ አውጥታችሁ ግደሉ፤ በእምብርቱም አመድ ወይም ደቃቅ አፈር ጨምሩ። ትሉ ካደገ በኋላ ግን በራሱ ኩስ እምብርቱን ይደፍነዋል፤ ያን ጊዜ የሚረጭ መድኃኒት አይደርስበትም። ዘግይቶ መርጨት ገንዘብን በበቆሎ ላይ ማፍሰስ ነው።

ከነዚህ ትናንሾች ወደ ትልልቆቹ ልለፍ፤ የዛሬውን ነገር ያነሣሁትም ይበልጡን ስለ እነርሱ ነው።

ጃርት የእንሰት ጠላት ናት። ቀን በጉድጓድ ወይም በድንጋይ ዋሻ ተኝታ ትውላለች፤ ሲመሽ ትወጣለች። የምትፈልገው የእንሰቱን ሥር፣ አሚቾውን ነው፤ ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ ቦዬና ዱባም አትተውም። ከእንሰቱ ሥር ትቈፍርና አሚቾውን ትገምጣለች፤ በማግስቱ ጠዋት እንሰቱ ያዘነበለ ወይም የወደቀ ሆኖ ይገኛል። ምልክቷ ሁለት የፊት ጥርስ ጎን ለጎን የፈለፈለው ሰፊ ቦይ፣ የተበታተነ የአሚቾ ፍርፋሪ፣ አንዳንድ ጊዜም የወደቀ እሾኽ ነው። ጃርት እሾኋን እንደ ቀስት ትወረውራለች የሚባለው ሐሰት ነው። ስትቈጣ እሾኋን አቁማ ወደ ኋላዋ ትሮጣለች፤ የቀረባትን ውሻ የምትወጋውም እንዲህ ነው። ስለዚህ ውሻችሁ ጮኾ ያስጠንቅቅ እንጂ ገብቶ እንዲታገላት አታደፋፍሩት።

ስለ ጃርት ሦስት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ብዙ አትወልድም፤ በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ነው የምትወልደው። ስለዚህ መንጋ ገብቶ አጠፋን ብላችሁ የምታስቡት ጉዳት ብዙ ጊዜ የአንድ ጥንድ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ መንገዷን አትለውጥም፤ በአንድ ቀዳዳ ከገባች በዚያው ትመላለሳለች። ሦስተኛ፣ በአንድ ሌሊት ረጅም መንገድ ትሄዳለች፤ አንድ ሰው ብቻውን አጥሩን ቢያጠብቅ ወደ ጎረቤቱ ትዞራለች እንጂ አገር አትለቅም።

ከነዚህ ከሦስቱ ነገሮች ሥራችን ይወጣል። በአጥሩ ዙሪያ ሂዱና ቀዳዳዋን ፈልጉ፤ አፈሩ የተደለደለ፣ ሣሩ የተኛ መግቢያ ታገኛላችሁ። ያን ቀዳዳ በእሾኽ ብቻ አትድፈኑት፤ እሾኽን ጎትታ ታልፋለች። ጃርት መዝለልና መውጣት አትችልም፤ መቈፈር ግን ታውቃለች። ስለዚህ በቀዳዳው ላይ ድንጋይ ወይም የተፈለጠ ግንድ አንድ ክንድ ያህል ወደ መሬት ውስጥ ቅበሩ፤ ግራና ቀኙንም ጥቂት አራዝሙት። ሙሉውን አጥር እንዲህ ለመሥራት አቅም የለንም ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ማሳው ጠባብ ቢሆንም ዙሪያው ረጅም ነው። ነገር ግን መመላለሻዋን ብቻ መዝጋት ይቻላል። የተጣለ አጥንትም በጓሮ አትተዉ፤ ጃርት አጥንት መፋቅ ትወዳለች፣ ለአጥንቱ መጥታ እንሰቱን ታገኛለች።

ጥበቃው ደግሞ በጋራ ይሁን። ቤቶቻችሁ የተጠጋጉ ናቸው፤ ስድስት ሰባት ቤት ተባብሮ በየሌሊቱ ሁለት ሁለት ሰው በተራ ቢያድር ለአንድ ቤት ተራው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ይደርሰዋል። ይህን ዐይነቱን ስምምነት በሶንጎ ፊት መጨረስ መልካም ነው፤ ሽማግሌዎች የሰሙትን ተራ የሚያፈርስ ሰው ጥቂት ነው። ባል የሌላቸውን ሴቶችና አቅም ያነሳቸውን አዛውንቶች ከተራው አውጡ፤ እንሰታቸውን ግን ከጥበቃው አታውጡ።

ጉድጓድ ቈፍሮ በሹል እንጨት ማጥመድን አልመክርም። በጠበበ ሰፈር ውስጥ ከጃርት በፊት የሚወድቅበት የጎረቤት ጥጃ፣ ወይም ውኃ ልትቀዳ ጎሕ ሲቀድ የወጣች ልጅ ናት። የዱር እንስሳን ማደን ደግሞ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ጉዳቱ ከአቅም በላይ ሲሆን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ጃርት ይደበቅበታል ተብሎም አባቶች ጠብቀው ያቆዩትን ደን አትመንጥሩ። ደኑ ቢመነጠር ጃርቷ ወደ ሌላ ጉድጓድ ትገባለች፤ ደኑ ግን አይመለስም።

የጫካ አሳማም የሌሊት ነው። ሥራው ከጃርት ይለያል፤ አፈሩን በአፍንጫው እየገለበጠ የታረሰ ያስመስለዋል፤ ኮቴውም ሁለት የተሰነጠቀ ነው። ብዙ ሰው ይህን ከከርከሮ ጋር ያሳስተዋል። ከርከሮ ቀን የሚሰማራ እንስሳ ነው፤ ሌሊት ጉድጓዱ ውስጥ ያድራል። በሌሊት ተገልብጦ ያደረ ጎደሬ ካገኛችሁ ከርከሮን አትክሰሱ። ዝንጀሮና ጦጣም እንዲሁ ማታ ማታ ይተኛሉ፤ የእነርሱን ወንጀል በቀን ፈልጉ። አሳማ እሳትና ድምፅ ይፈራል፤ ሆኖም በየሌሊቱ አንድ ዐይነት ድምፅና አንድ ቦታ የሚነድ እሳት ከሆነ ይለምደዋል። ጠባቂዎች ቦታቸውን ይለዋውጡ።

ፍልፈልን ለብቻው ያነሣሁት በሐሰት የሌሊት ሌባ ተብሎ ስለሚታማ ነው። እንሰቱ ይጠወልግና ይወድቃል፤ ከላይ ምንም ንክሻ የለም፤ ባለቤቱም «ሌሊት የመጣ አውሬ ነው» ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ ያድራል፤ ምንም አያይም። ፍልፈል ከመሬት በታች በራሷ ዋሻ ውስጥ ትኖራለች፤ ሥሩን የምትበላውም ከዚያው ሆና ነው። ምልክቷ አዲስ የተገፋ የአፈር ቍልል ነው፤ ቀዳዳ ግን አይታይም፣ እርሷ ራሷ ትደፍነዋለችና። መላዋም ከዚሁ ጠባይዋ ይገኛል። ዋሻዋን ብትከፍቱት ብርሃንና ነፋስ ስለማትወድ ልትደፍነው ትመጣለች፤ በዚያ አፍ ላይ ወጥመድ ያኖረ ሰው ይይዛታል። ይህን የሚያውቁ ወጥመድ ሠሪ አዛውንቶች በየመንደሩ አሉ፤ የልማት ሠራተኞች ሆይ፣ ከእነርሱ ተማሩ።

እዚህ ላይ ከሁሉ የከፋውን ነገር እነግራችኋለሁ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በሳይንስ ተጠንቶ ከተጻፈ እ.ኤ.አ. ከ1968 ወዲህ ነው፤ በዐይን በማይታይ ባክቴርያ የሚመጣ ሲሆን እስከ ዛሬ ድረስ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ይበልጡን የሚያደርሰው የእኛው ቢላዋና ገጀራ ነው። ሆኖም ጃርት፣ ፍልፈልና አሳማ የታመመውን አሚቾ ገምጠው ጤነኛውን ሲገምጡ በሽታውን ሊያዛምቱ እንደሚችሉ ባለሙያዎች ያስጠነቅቃሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ጃርቷ አንድ እንሰት ጣለች፤ ይህ አንድ ጉዳት ነው። ባለቤቱ ደግሞ የተረፈውን ላድን ብሎ በገጀራ ከረከመው፤ በዚያው ገጀራ ጎን ያለውን ጤነኛ እንሰት ቅጠል ቈረጠ። የተነከሰው እንሰት ታምሞ ከነበረ ጃርቷ ያልነካቻቸውን ሰውዬው ራሱ ጨረሳቸው ማለት ነው።

ስለዚህ በሌሊት የተነከሰ እንሰት ስታገኙ ቶሎ አትፋቁት። አስቀድማችሁ ቅጠሉን እዩ፤ የመካከለኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጠውልጎ እንደሆነ ተጠራጠሩ። አንድ የቅጠል እጀታ ቈርጣችሁ ጥቂት ጠብቁ፤ ነጣ ያለ ወይም ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ከወጣ በሽታው አለ። ያን ጊዜ እንሰቱን ከነሥሩ ነቅላችሁ ከጓሮው ራቅ አድርጋችሁ በጥልቅ ቅበሩት፤ ለከብት አትስጡት፤ በደጅም አትጎትቱት። ገጀራውን፣ ቢላዋውንና መቈፈሪያውን አጥባችሁ በእሳት ነበልባል ላይ አሳልፉት። ፈሳሽ ካልወጣና ቅጠሉ ጤነኛ ከሆነ ግን ጉዳቱ የጥርስ ብቻ ነው፤ የደረሰውን ፍቃችሁ ተጠቀሙበት፤ መሣሪያችሁን ግን በዚያም ጊዜ ቢሆን በእሳት ሳታሳልፉ ወደ ሌላ እንሰት አትሂዱ። ለእኔ ከዛሬው ንግግር ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህችን የገጀራ ነገር ያዙ እል ነበር።

ጠላት ብቻ እየቈጠርሁ ወዳጅን ብረሳ ደግሞ በድያለሁ። ጉጉትን ብዙ ሰው መርዶ ታመጣለች ብሎ በድንጋይ ያባርራታል። ጉጉት የምታመጣው መርዶ ለአይጥ ነው። ጉጉት የምታድርበትን አሮጌ ዛፍ የቈረጠ ሰው አይጦቹን ራሱ ሊያድን ተነሥቷል ማለት ነው። እንቍራሪትም ሌሊቱን ሙሉ ትልና ቀንድ አውጣ ትለቅማለች፤ በችግኝ መካከል ስታገኟት አትግደሏት። ከየሌሊት ወፎቹም ትንንሾቹ የእሳት እራትን በአየር ላይ እየያዙ ይበላሉ፤ ከእነዚያ እራቶች መካከል የቆራጭ ትልና የመጤው ተምች እናቶች አሉበት።

ስለ መርዝ ጥቂት ልናገርና ላብቃ። በገበያ ቀን በላስቲክ ተቋጥሮ፣ ስም ሳይጻፍበት፣ «ይህ ሁሉን ይገድላል» ተብሎ የሚሸጥ ዱቄት አለ። ሁሉን የሚገድል ነገር ልጅንም ይገድላል። የአይጥ መርዝ የሆነው ዚንክ ፎስፋይድ በሆድ ውስጥ መርዘኛ ጋዝ ይሆናል፤ በአሚቾ ላይ ቀብታችሁ ለጃርት ብታኖሩት የጎረቤት ውሻ፣ ዶሮ ወይም የሚድኽ ሕፃን ሊያነሣው ይችላል። የጓሯችሁ ጎመን ከመሬት ተቈርጦ በዚያው ቀን ድስት የሚገባ ነው፤ በመደብር የሚሸጠው እንኳ በላዩ ላይ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይበላ መቈየት እንዳለበት በዕቃው ላይ ተጽፏል። ማንበብ የማትችሉ ለልጃችሁ አስነብቡ። ሌላ መንገድ ጠፍቶ መርጨት ግድ ከሆነ ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት ምሽት ይሁን። የመድኃኒቱን ባዶ ጠርሙስ ለዘይትም ለውኃም አትጠቀሙበት።

እናንተ የልማት ሠራተኞች፣ ገበሬ ጉዳት አሳይቶ «ምን ላድርግ?» ሲላችሁ ያላወቃችሁትን እንደምታውቁ አታድርጉ። «ዛሬ ማታ እመጣለሁ» በሉት፤ ሂዱም። ገበሬዎችም ስሙን የማታውቁት ትል ስታገኙ አትጣሉት፤ ከተገኘበት ቅጠል ጋር ክዳኑ በተበሳ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ቀኑንና የተገኘበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ወደ ቀበሌው የልማት ጣቢያ አምጡት። ትሉ ሞቶ ከደረቀ መለየቱ ይቸግራልና በነጋታው ጠዋት ይድረስ።